የገንዳው ዱባ

ባሕሩ ከታች ነው፣ ሰማዩ ከበላይ፣
መሃሉ ደረጃ፣ ቤት በቤት ጀርባ ላይ።
ቫልፓራይሶ ላይ መሬት ማለት ቁልቁል፣
ሜዳ የሚባለው የጠረጴዛ ያህል።

የኤርሜሊንዳ ቤት ቆርቆሮውን ለብሶ
ስፋቱ ሦስት እርምጃ፤ አራተኛው ደርሶ
ከጎረቤት ግንብ ጋር ግንባር ያጋጫል።

የገላ መታጠቢያ፣ ስንጥቅ ገንዳ አላት፣
ባሏ «ነገ ልጣል» እያለ ያቆየላት፤
ሳይጥለው ሞተ፣
ገንዳው እጥፋቱ ላይ እንደ ጀልባ ተጎለተ።

አፈር ከየት ይምጣ?
በቦርሳዋ አመጣች፣ ገበያ ወርዳ ስትወጣ፤
አንድ ዳቦ፣ ሁለት ሽንኩርት፣ ከሸለቆው አንድ እፍኝ አፈር፣
መሐረቧን አንጥፋ፣ ቁልፏን ከላይ አስተኝታ፣
ኮንትሮባንድ ነጋዴ መስላ፣ ቦርሳዋን ጎኗ አስጠግታ።

ክረምቱን በሙሉ ወረደች፣ ወጣች፤
ጥቅምት ላይ (የዚያ አገር ፀደይ ጥቅምት ናት)
ሦስት የዱባ ፍሬ በአውራ ጣት ቀበረች፣
ሁለቱን ቀንድ አውጣ ቡቃያ በላባት።

ከዚያማ! የቀረችው
መሬት ሲነፍጓት ጊዜ በአየር ተራመደች፣
የልብስ ገመዱን ይዛ ወደ ታች ወረደች፣
የሰው ሸሚዝ እጅጌ በጠምዛዛ ጣቷ ጨብጣ፣
የደረጃውን ብረት አንድ በአንድ ረግጣ፣
በስምንተኛው ሳምንት
ከዶን ኤሌዩቴሪዮ መስኮት ላይ ቁጭ አለች።

ኤሌዩቴሪዮ ማለት
ጡረታ የወጣ ፀጉር አስተካካይ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ኤርሜሊንዳን ላያይ
የማለ ጎረቤት።
ነገሩ የቧንቧ ነው፤ የሷ ፍሳሽ የሱን ቤት
ግድግዳ አሻገተ፣ ወይም አላሻገተም፤
እሷ «ዝናብ ነው» አለች፣ እሱ አላመነም።
ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ ፊት ለፊት ቢጋጠሙም
አንዱ ቆሞ ባሕር ያያል፤ መርከብ ግን የለም።

ሐረግ ምን ታውቃለች ስለ ቧንቧ ነገር?
ሴቴ አበባዋን ሠራች ከሱ መስኮት ሥር፣
ወገቧ ላይ ጉብ ያለች፣ ጣት የምታህል ዱባ አዝላ፤
ወንዴዎቹ በሙሉ ላይ ቀሩ፣ ከገንዳው ጥላ።
ንብ እዚያ ድረስ አይወጣም፣ የባሕር ነፋስ ይጥለዋል፤
የአበባም ዕድሜው አንድ ማለዳ፤ ቀትር ሲደርስ ይከደናል።

አሮጊቷ ይህን ታውቃለች።
አንገቷን በብረቱ ላይ አሻግራ
ጉሮሮዋን ጠረገች፤
አሥራ አንድ ዓመት የዛገ ድምፅ ቶሎ አይወጣም።
«አበባህ ተከፍታለች።»
ዝም።
«አራት ሰዓት ላይ ትዘጋለች።»
ዝም። ቧንቧው ብቻ ጠብ አለ፣ ጠብ።

ወንዴውን ቀጠፈች፣ በልብስ መቆንጠጫ ገመዱ ላይ ሰቀለች፣
ገመዱን ሳበች።
ቢጫው አበባ በአንሶላና በካልሲ መካከል
እየተወዛወዘ ወረደ፣ እንደ ሎሌ፣ መልእክት እንደያዘ።

መስኮቱ ተከፈተ። እጅ ወጣ፤
በእጁም የፂም ብሩሽ፣
የስንት መርከበኛ አገጭ አረፋ ያለበሰ።
ያ እጅ ይንቀጠቀጣል። ምላጩን የተወው ለዚሁ ነው፣
የሰው ጉሮሮ አደራ ነውና።
ብሩሽ ግን መንቀጥቀጥ አይጠላም፤
ዱቄቱ ከወንዴው ወደ ሴቴው
እንደ ወርቅ ብናኝ ረገፈ።

በአገሬ «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይባላል።
ሥሩ የሷ፣ ፍሬው የሱ ሲሆን ምን እንደሚባል
የነገረኝ የለም።

ዱባው ከበደ። ኤሌዩቴሪዮ
የደንበኛ አንገት ያስርበት የነበረውን ነጭ ጨርቅ
ከመስኮቱ ብረት ቋጥሮ አዘለለት፤
የሚላጭ ወፍራም ሰውዬ መሰለ።
ልጆች ሲያልፉ «ዶን ዱባ፣ ደህና ዋሉ» ይሉታል።

ሚያዝያ ላይ ኤርሜሊንዳ አሥራ አራት ደረጃ ወረደች።
እሷ ዱባውን ያዘች፣ እሱ ቢላዋውን፣
በኋላ ተቀያየሩ።
ከተመኙት አነሰ፤ አራት ኪሎ፣ ያውም ከነቅርፊቱ።
ፍሬውን ጋዜጣ ላይ አሰጡት፣
ለቧንቧው ባልዲ አኖሩለት።
ከዚያ በጨው ተቀቅሎ ቀረበ።

ኤሌዩቴሪዮ ቀመሰ፣ አላመጠ፣ ጣሪያውን አየ።
«ውኃ በዛበት» አለ።
«ዝናብ ነው» አለች።